«አንበሳ አላሳደደሽም?» እና ሌሎች ከኡጋንዳ ስመለስ የገጠሙኝ ጥያቄዎች

ኡጋንዳ ሄጄ የዱር እንስሳት አይቼ መጣሁ ባልኩ ቁጥር የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «አንበሳ አላሳደደሽም?» ይላል አንዱ። ሌላው «ጎሪላው አልተተናኮለሽም?» ይላል። አንዱ ደግሞ አለ፣ «ያን ሁሉ ገንዘብ ከምታወጪ ቁጭ ብለሽ ቴሌቪዥን ላይ አታይውም ነበር?» የሚል። አልፈርድባቸውም። እኔም ከመሄዴ በፊት ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ስዕል ከነሱ ብዙም አይለይም። ስለዚህ ደጋግሜ የሰማኋቸውን ልመልስ። የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉዞው ሁለት ፊት አለው። አንዱ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ ያሉት ጥቅጥቅ ደኖች ናቸው፣ ኪባሌ እና ብዊንዲ። ሌላው ሳቫናው ነው፣ ሰፊው የሳር ሜዳ፣ ማለትም የኩዊን ኤልዛቤት እና የመርቺሰን ፎልስ ፓርኮች።

«ደን ከገባህ እንስሳው በየዛፉ ስር ይርመሰመሳል»

ይሄ ትልቁ ስህተት ነው። በዓይነት ካየነው ደኑ ሀብታም ነው፣ ኪባሌ ብቻ 13 ዓይነት የጦጣና የዝንጀሮ ዘር አለው፣ ቺምፓንዚውን ጨምሮ። ግን መኖርና መታየት ለየቅል ናቸው። ሁሉም ነገር ከላይ ነው፣ ቅጠሉ ውስጥ። አንገትህ እስኪደነድን ወደ ላይ ታንጋጥጣለህ፣ ቅርንጫፍ ሲወዛወዝ ታያለህ፣ ያወዛወዘው ግን ሄዷል።

ደን ውስጥ ከዓይን ጆሮ ይቀድማል። ቺምፓንዚዎች ከሩቅ ሲጠራሩ ጩኸቱ ቀስ ብሎ ይጀምርና እየፈጠነ፣ እየጨመረ ሄዶ ይፈነዳል። አንዳንዴ የትልልቅ ዛፎችን ሰፋፊ ስር እንደ ከበሮ ይደልቁታል። አስጎብኚው ቆም ይላል፣ እጁን ያነሳል፣ ሁላችንም ትንፋሽ ዋጥ። ከዚያ አቅጣጫ ይቀይራል። በሳቫናው ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብለህ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የኮብ መንጋ (አጋዘን መሰል ናት፣ የኡጋንዳ አርማ ላይ ያለችው)፣ ጎሽ፣ ከርከሮ፣ ድፋርሳ ታያለህ። መጀመሪያ ሳቫናውን አይቶ ወደ ደን የገባ ሰው ደኑ ባዶ ይመስለዋል። ስለዚህ ምርጫው በእጃችሁ ከሆነ ከደኑ ጀምሩ እላለሁ።

«የሐሩር ደን ስለሆነ ይሞቃል»

ብዊንዲ ከባህር ወለል በላይ ከ1,160 እስከ 2,607 ሜትር ድረስ የሚወጣ ተራራማ ቦታ ነው። ጠዋት ላይ ይበርዳል። ሹራብ ያዙ። አለቀ።

«አስጎብኚ ምን ያደርጋል፣ መንገዱን ካወቅኩ ይበቃኛል»

እንኳን ደኑን፣ ሜዳውንም ብቻህን አታነበውም። ብዊንዲ ውስጥ ጎሪላ፣ ኪባሌ ውስጥ ቺምፓንዚ ፍለጋ ያለ ፓርኩ ሬንጀር (የዱር ጥበቃ ሠራተኛ) መሄድ ክልክል ነው፣ እሱ ደንብ ነው። ግን ደንቡ ባይኖርም ያው ነው።

ብዊንዲ ላይ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ጎሪላ በየማታው አዲስ መኝታ ይሠራል፣ ቅጠልና ቅርንጫፍ አጣጥፎ። ትናንት ያደረበት ዛሬ አያድርም። ስለዚህ እኛ ገና ቁርስ ላይ ሆነን ዱካ ተከታዮቹ ገብተዋል፤ ትናንት ማታ የተለዩበት ቦታ ድረስ ይሄዱና መኝታዎቹን ያገኛሉ፣ ከዚያ የተረገጠ ሳርና የተበጠሰ ቅጠል ይዘው ይከተላሉ፣ ሲደርሱባቸው ለሬንጀሩ በሬዲዮ ይነግሩታል። እኛ «በዕድላችን አገኘናቸው» እያልን ስንደሰት ሰዎቹ ሥራቸውን ከጨረሱ ቆይተዋል።

ሳቫናው ላይ ደግሞ አስጎብኚው አንበሳውን አይፈልግም። ኮቦቹን ነው የሚያየው። ኮቦቹ ሳር መጋጥ ትተው፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ አፍጥጠው ሲያፏጩ ካየ መኪናውን ወደዚያ ያዞራል። እኔ በባይኖኩላር ቁጥቋጦ በቁጥቋጦ ስፈትሽ እሱ በኮቦቹ ፉጨት ብቻ ሁለት ሴት አንበሶች አሳየኝ። አፈርኩ።

«ከከፈልኩ ጎሪላ ማየቴ የተረጋገጠ ነው»

የውጭ አገር ጎብኚ ብዊንዲ ውስጥ ጎሪላ ለማየት የሚከፍለው የፈቃድ ዋጋ ከ2024 አጋማሽ ጀምሮ 800 ዶላር ነው። ያስደነግጣል፣ አውቃለሁ። የሚገዛው ግን ጎሪላውን ሳይሆን ሙከራውን ነው። በዱካ ተከታዮቹ ምክንያት ሳያዩ መመለስ ብዙም አያጋጥምም፣ ግን አያጋጥምም ብሎ የሚምልላችሁ አስጎብኚ ካለ ተጠራጠሩት። አንዳንዱ ቡድን በግማሽ ሰዓት ያገኛቸዋል። ሌላው ቀኑን ሙሉ ዳገት ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ካገኛችኋቸው በኋላ ያላችሁ ጊዜ አንድ ሰዓት ብቻ ነው፣ አንዱን የጎሪላ ቤተሰብ በቀን የሚጎበኘውም ቢበዛ ስምንት ሰው ነው፣ ከ15 ዓመት በታች አይፈቀድም።

የትኛውም ቤተሰብ ደግሞ ዝም ብሎ አይጎበኝም። ሰው ማየት እስኪለምድ ዓመታት ይፈጃል፤ ሬንጀሮች በየቀኑ እየሄዱ፣ ቁጭ ብለው፣ ምንም ሳያደርጉ ይመለሳሉ። ቀሪዎቹ ጎሪላዎች ሰው አይለምዱም፣ እንዲለምዱም አይፈለግም። «መካነ አራዊት ብሄድ በርካሽ አየዋለሁ» ላላችሁኝም መልስ አለኝ፦ የተራራ ጎሪላ መካነ አራዊት ውስጥ የለም። እዚያ የሚታዩት ሌላ ዝርያ ናቸው፣ ሁሉም ማለት ይቻላል የምዕራቡ ቆላ ጎሪላዎች ናቸው። የተራራው ጎሪላ በመጨረሻው ቆጠራ 1,063 ነው፣ ከነዚህ 459ኙ ብዊንዲና አጠገቡ ባለው የኮንጎ ደን ውስጥ ይኖራሉ።

«ደረቱን ከመታ ሊገልህ ነው»

ይሄ የፊልም ሥራ ነው። መጀመሪያ ነገር ደረቱን የሚመታው በቡጢ አይደለም፣ በተከፈተና በትንሹ ባጎደጎደ መዳፍ ነው፣ ለዚያ ነው ድምፁ ያን ያህል ርቆ የሚሰማው። ሁለተኛ፣ መልእክቱ በአብዛኛው ለኛ አይደለም። በ2021 የታተመ የሩዋንዳ የተራራ ጎሪላዎች ጥናት እንዳሳየው፣ በሰውነት የገዘፈው ወንድ ሲመታ ድምፁ ወፍራም ነው። ስለዚህ ሌላው ወንድ ሳያየው ገና ከሩቅ «ይሄስ ይከብደኛል» ወይም «ይሄን እችለዋለሁ» ማለት ይችላል። ለመጣላት ሳይሆን ላለመጣላት የሚጠቅም ነገር ነው ማለት ነው። ግልገሎቹም ይመታሉ፣ በጨዋታ፣ ሲመቱ ደግሞ አንዳንዴ ተንከባለው ይወድቃሉ።

ይሄ ማለት ግን ዝም ብለህ ጠጋ በል ማለት አይደለም። ጀርባው ብርማ የሆነው አባወራ 200 ኪሎ ገደማ ሊመዝን ይችላል፣ ቤተሰቡን ይጠብቃል፣ ካስደነገጥከው ተንደርድሮ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ የማስፈራሪያ ሩጫ ነው፣ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። ያኔ የሚደረገው አንድ ነገር ነው፦ አለመሮጥ። ዝቅ ማለት፣ ዓይን ዓይኑን አለማየት፣ ሬንጀሩ የሚያደርገውን ማድረግ። በወሬ ቀላል ነው፤ እግር ግን ጭንቅላትን አያማክርም።

«እንስሳው በሽታ ያስይዘኛል»

እዚህ ጋ ነገሩ ተገልብጧል። የሚፈራው እኛ ለነሱ የምናስተላልፈው ነው። ለጎሪላ የሰው ጉንፋን ቀልድ አይደለም። በ1996 ብዊንዲ ውስጥ ጎሪላዎች በእከክ ተይዘው አንድ ግልገል ሞቶ ነበር፣ ምንጩ ሲጣራ የአካባቢው ሰው ሆኖ ተገኘ። ያኔ የፓርኮቹ የእንስሳት ሐኪም የነበረችው ዶክተር ግላዲስ ካሌማ ዚኩሶካ ከዚህ ተነስታ ኋላ ላይ የሰዎቹንና የጎሪላዎቹን ጤና አንድ ላይ የሚከታተል ድርጅት መሰረተች፤ ሰው ካልዳነ ጎሪላው አይድንም ማለት ነው ነገሩ።

ስለዚህ ማስክ ይደረጋል። ርቀቱም ቀድሞ 7 ሜትር ነበር፣ ከኮቪድ ወዲህ 10 ሆኗል። የሚያስነጥስህ፣ የሚያስልህ፣ ተቅማጥ የያዘህ ከሆነ አትገባም። «ከፍያለሁ» ብሎ መደበቅ ነውር ነው፣ በግልጽ ልናገር። ለራሳችሁ ጤና ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ኡጋንዳ ለመግባት ይጠየቃል፣ የወባ መከላከያውንም ሐኪም አማክሩ።

«ሳቫና ማለት አንበሳ ሲያሳድድ ማየት ነው»

አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት ይተኛል ወይም ይጋደማል። የምታዩት አንበሳ የተኛ አንበሳ ነው፣ ይሄን ከወዲሁ ተቀበሉት። ለዚህ ነው ጉዞው ጎህ ሲቀድ የሚጀመረው፣ ፀሐይዋ ከበረታች ሁሉም ጥላ ፈልጎ ይወድቃል። ኢሻሻ በሚባለው የኩዊን ኤልዛቤት ደቡባዊ ክፍል ደግሞ ሾላ ዛፍ ላይ ወጥተው ነው የሚተኙት፣ እግራቸውን በሁለት በኩል አንጠልጥለው። «ልዩ ዝርያ ናቸው» ሲባል ሰምቻለሁ፣ አይደሉም። ተራ አንበሶች ናቸው። ከመሬቱ ሙቀትና ከዝንቡ ሸሽተው እንደሆነ ይታመናል፣ ልማዱንም ግልገሎቹ ከእናቶቻቸው ይወርሱታል።

«ሁሉም ፓርክ ሁሉም እንስሳ አለው»

ኩዊን ኤልዛቤት ውስጥ ቀጭኔ የለም። የሜዳ አህያም የለም። ቀጭኔ የፈለገ መርቺሰን ይሂድ፣ የሜዳ አህያ የፈለገ ሌክ ምቡሮ ወይም ኪዴፖ። አውራሪስ ከኡጋንዳ ዱር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ በአደን ጠፍቶ ነበር፤ ከካምፓላ ወደ መርቺሰን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ዚዋ የተባለ የአውራሪስ መጠለያ ከ2005 ጀምሮ እያራባቸው ነው፣ ከሬንጀር ጋር በእግር ሄዶ ማየት ይቻላል።

«ነብር አየሽ?» ሲሉኝ ደግሞ ብርቱካናማውን ባለመስመር እያሰቡ የሚጠይቁኝ አሉ። እሱ እስያ ነው ያለው፣ አፍሪካ ውስጥ በዱር አይገኝም። የኛ ነብር ባለነጠብጣቡ ነው። አቦ ሸማኔ ደግሞ ሌላ፣ ቀጠን ያለውና ሯጩ፣ ኡጋንዳ ውስጥ ሰሜን ጫፍ ኪዴፖ ካልሄዱ ብዙም አይታይም። ነብር ለማየት የሄድኩት ጉዞ ላይ ያየሁት ነብር የተንጠለጠለ ጭራ ብቻ ነበር። እሱንም ቆጥሬዋለሁ።

«ጉማሬ ሳር በል ስለሆነ ሰላማዊ ነው»

ሳር መብላቱ እውነት ነው፣ ማታ ማታ ወጥቶ 40 ኪሎ ገደማ ይግጣል። ሰላማዊነቱ ግን ውሸት ነው። ከአንበሳ በላይ የሚፈራው እሱ ነው። ችግሩ የሚመጣው በእሱና በውሃው መካከል ስትገባ ነው፣ ያኔ ያ ሁሉ ስጋ ከሰው በላይ ይሮጣል። ኤድዋርድና ጆርጅ ሐይቆችን በሚያገናኘው የካዚንጋ ቦይ ላይ በጀልባ ሲኬድ በደርዘን ተኮልኩለው ይታያሉ፣ ከጀልባ ላይ ሆኖ እጅግ ደስ ይላል። ሎጁ (ማረፊያው) ውስጥ ግን ከመሸ በኋላ ወደ ክፍላችሁ ያለ ጠባቂ አትሂዱ ከተባላችሁ ለሥርዓት ያህል አይደለም፣ ሣሩ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል።

«እንስሳው እንዳያየኝ የወታደር ዝንጉርጉር ልብስ ልልበስ»

በፍጹም። ኡጋንዳ ውስጥ የወታደር ዝንጉርጉር ለሲቪል ክልክል ነው፣ ከእንስሳው በፊት ፖሊስ ያገኝሃል። ጥቁርና ደማቅ ሰማያዊም ተዉ፣ የፄፄ ዝንብን ይስባሉ፤ ማጥመጃዎቿ ራሳቸው የሚሠሩት በሰማያዊና በጥቁር ጨርቅ ነው። ለደኑ ረጅም ሱሪ፣ ሱሪው ካልሲ ውስጥ ይገባል (ገብረ ጉንዳን አለ፣ የነከሰው ያውቀዋል)፣ ሳማውን ለመያዝም ጠንካራ ጓንት።

«የምትከፍሉት ገንዘብ ለአካባቢው ሰው አይደርስም»

ከፊሉ ይደርሳል። በሕጉ መሰረት ከፓርክ መግቢያ ክፍያ 20 በመቶው በዙሪያው ላሉ ማኅበረሰቦች ነው። ይሄን ስል ግን አንድ ነገር አልደብቅም። ብዊንዲ በ1991 ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን እዚያ ደን ውስጥ ይኖሩ የነበሩት ባትዋዎች ተፈናቅለዋል፣ በቂ መሬትም ምትክም አላገኙም። አስጎብኚዎች ብዙ ጊዜ ይሄን ክፍል ዘለል አድርገው ነው የሚያልፉት። ጠይቁ።

በቀጥታ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ የሚሄደው ግን የጓዝ ተሸካሚ ክፍያ ነው። ብዊንዲ መግቢያው ላይ የመንደሩ ወጣቶች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። «ቦርሳዬ ትንሽ ናት፣ አያስፈልገኝም» አልኩ እኔም መጀመሪያ። ኋላ ግን ሃሳቤን ቀይሬ አንዷን ልጅ ያዝኩ። ቦርሳዋማ እውነትም ትንሽ ነበረች። ሁለተኛው ዳገት ላይ፣ ጭቃው ጉልበቴ ሲደርስ፣ ልጅቷ ቦርሳዬን በአንድ እጇ፣ እኔን በሌላው ይዛ ነበር የምትጎትተው።