የዓለም ኤግዚቢሽኖች በመዝናኛ ፓርኮችና በሳይንሳዊ ልቦለድ ፊልሞች ላይ ያሳረፉት አሻራ

የዓለም ኤግዚቢሽን አገሮችና ትልልቅ ኩባንያዎች የደረሱበትን የጥበብና የቴክኖሎጂ ደረጃ ለሕዝብ የሚያሳዩበት፣ ለጥቂት ወራት ቆይቶ አብዛኛው ግንባታው የሚፈርስ ግዙፍ ትርኢት ነው። ታሪኩ ብዙውን ጊዜ በ1851 ለንደን ውስጥ ከተካሄደው ትርኢት ይጀመራል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከአዳራሾቹ ይልቅ ዕድሜ ያገኘው ተመልካችን አስቀምጦ በትዕይንት መካከል ይዞ የመጓዝ ጥበብ ሲሆን፣ የዛሬዎቹ የመዝናኛ ፓርኮችና ስለ ሕዋ የሚተርኩ ብዙ ፊልሞች የዚህ ጥበብ ባለዕዳ ናቸው።

በ1893 የቺካጎ ኤግዚቢሽን ኢንጂነር ጆርጅ ፌሪስ 80 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን ተሽከርካሪ ጎማ አቆመ። ጎማው እያንዳንዳቸው እስከ 60 ሰው የሚይዙ 36 ክፍሎች ነበሩት። በግንባታው ላይ ከተሰማሩት ሠራተኞች አንዱ የዋልት ዲዝኒ አባት ኤላያስ ነበር፤ ትረካው በልጁ ሐሳብ ላይ ተጽዕኖ አሳድሯል የሚባለው ግን ከግምት ያለፈ አይደለም።

በ1901 በበፋሎ ኤግዚቢሽን ፍሬደሪክ ቶምሰን «ጉዞ ወደ ጨረቃ» የተባለ ትዕይንት አቀረበ። ተሳፋሪዎቹ ሉና በተባለች ክንፋም የአየር መርከብ ላይ ይቀመጡና መርከቧ ሳትርቅ በብርሃንና በሚንቀሳቀሱ ሥዕሎች ብቻ ከምድር የለቀቁ ይመስላቸው ነበር። «ሲያርፉም» የጨረቃ ነዋሪ መስለው የለበሱ ተዋንያን ይቀበሏቸዋል። ትዕይንቱ በማግስቱ ዓመት ወደ ኒው ዮርኩ ኮኒ አይላንድ ተዛወረ፤ ቶምሰንና ባልደረባው ዳንዲ በ1903 እዚያው የከፈቱት መዝናኛ ፓርክም በመርከቧ ስም ሉና ፓርክ ተባለ። ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜልየስ በ1902 የሠራው የጨረቃ ጉዞ ፊልም ከዚህ ትዕይንት ሐሳብ ሳይወስድ አልቀረም የሚሉ አሉ፤ የዡል ቬርን ልቦለዶች ተጽዕኖ ግን ይበልጥ ግልጽ ነው።

በ1939 በኒው ዮርክ ኤግዚቢሽን ኖርማን ቤል ጌዲስ ለጄኔራል ሞተርስ ያዘጋጀው «ፊውቸራማ» ተመልካቾችን በሚንቀሳቀሱ ወንበሮች አስቀምጦ የ1960ዋን አሜሪካ በግዙፍ ሞዴል አሳያቸው።

ከሁሉም የላቀውን ውርስ የተወው ግን በ1964 እና በ1965 በኒው ዮርክ የተካሄደውና ከ51 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ ያስተናገደው ኤግዚቢሽን ነው። የዲዝኒ ድርጅት ለዚህ ኤግዚቢሽን አራት ትዕይንቶችን የሠራ ሲሆን፣ አብዛኛውን ወጪ የሸፈኑት ስማቸው እንዲነሣላቸው የፈለጉ አካላት በመሆናቸው ባለሙያዎቹ በፓርካቸው ገቢ ብቻ ሊደፍሩት የማይችሉትን ሙከራ በሌላ ሰው ገንዘብ አካሄዱ። ለኢሊኖይ ግዛት የተሠራው የፕሬዚዳንት ሊንከን ምስል ከወንበሩ ተነሥቶ ቆሞ ንግግር ያደርግ ነበር፤ ፊቱንና እጆቹን የሚያንቀሳቅሱት በመግነጢሳዊ ቴፕ በተቀረጸ ምልክት የሚታዘዙ የአየርና የዘይት ግፊት መሣሪያዎች ነበሩ። ምስሉ ገና በሙከራ ላይ ሳለ ያየው የኤግዚቢሽኑ ኃላፊ ሮበርት ሞዝስ ለመክፈቻው ካልደረሰ ብሎ አጥብቆ እንደጠየቀ ይነገራል። ለጄኔራል ኤሌክትሪክ በተሠራው ትዕይንት ደግሞ መድረኮቹ ባሉበት ቆመው የተመልካቾቹ መቀመጫ ይዞራቸው ነበር። የፎርድ እንግዶች በእውነተኛ ክፍት መኪኖች ተቀምጠው፣ በመንገዱ ላይ የተተከሉ ተሽከርካሪ ጎማዎች መኪኖቹን ከሥር እየገፏቸው፣ ከዳይኖሰሮች ዘመን እስከ መጪው ዘመን ከተማ ይጓዙ ነበር።

ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ የተጠናቀቀው አራተኛው ትዕይንት፣ የዓለም ሕፃናት መዝሙር በውኃ መስመር በሚንሸራተቱ ጀልባዎች የሚታይበት ነው። በአንድ ቀን እጅግ ብዙ ሕዝብ ያለ ግፊያ ሊያስተናግድ መቻሉ ንድፍ አውጪዎቹን አስደነቃቸው፤ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የዲዝኒ መዝናኛ ፓርክ በዲዝኒላንድ በእግር የሚጎበኝ የሰም ሙዚየም ሆኖ ታስቦ የነበረው የካሪቢያን የባሕር ወንበዴዎች ትዕይንትም ወደ ጀልባ ጉዞ ተቀይሮ በ1967 ተከፈተ። ሊንከን በ1965፣ ጀልባዎቹ በ1966፣ ዟሪው ቲያትር በ1967 ወደ ካሊፎርኒያ ተሻገሩ። የፎርድ መኪኖች የተገፉበት ዘዴም በዚያው ዓመት ፓርኩን በሚዞር የሕዝብ ማጓጓዣ ላይ ዋለ።

በዚያው ኤግዚቢሽን «ወደ ጨረቃና ከዚያም ባሻገር» የተሰኘ አጭር ፊልም በጉልላት ጣሪያ ላይ ይታይ ነበር። ኤግዚቢሽኑ በተከፈተበት ሚያዝያ 22 ቀን 1964 የፊልም ዳይሬክተሩ ስታንሊ ኩብሪክና የሳይንሳዊ ልቦለድ ደራሲው አርተር ክላርክ በዚያችው ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ መገናኘታቸው የሚያስገርም አጋጣሚ ነው። ኩብሪክ ያንን የጉልላት ፊልም ካየ በኋላ በሥራው የተሳተፉትን ኮን ፔደርሰንና ወጣቱን ሠዓሊ ዳግላስ ትረምቡልን ስለ ሕዋ ለሚተርከው «2001» ፊልሙ ቀጠራቸው። በ1968 በወጣው በዚህ ፊልም መጨረሻ አካባቢ ጠፈርተኛው የሚገባበትን የብርሃን መተላለፊያ የቀረጸው ትረምቡል ነው፦ መዝጊያው ክፍት የሆነ ካሜራ በጠባብ ስንጥቅ ጀርባ በሚንቀሳቀሱ ብርሃናማ ሥዕሎች ላይ ቀስ ብሎ እየቀረበ፣ አንዱ ፍሬም እስኪሞላ በትዕግሥት ይጠበቅ ነበር። ኮምፒውተር ሥዕል በማይሠራበት ዘመን የተገኘ ውጤት በመሆኑ እስከ ዛሬ ክብር ይገባዋል።

በ1967 የሞንትሪያል ኤክስፖ፣ አገራችን ኢትዮጵያም የራሷን ፓቪሊዮን ያቆመችበትና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጎበኙት ኤግዚቢሽን፣ የካናዳ ባለሙያዎች በብዙ ስክሪኖች ባሳዩት ፊልም ምክንያት ይታወሳል። ብዙ ፕሮጀክተሮችን ማጣጣም ያስቸገራቸው እነ ሮማን ክሮይተርና ግሬም ፈርጉሰን አንድ ትልቅ ፊልም በአንድ ኃይለኛ ፕሮጀክተር ማሳየት ይሻላል ብለው አይማክስ የተባለውን የግዙፍ ስክሪን ሲኒማ መሠረቱ፤ የመጀመሪያውን የአይማክስ ፊልምም በ1970 በኦሳካ ኤክስፖ አሳዩ። በ1973 ይኸው አሠራር ለጉልላት ስክሪን ተስማምቶ በሳንዲያጎ ሥራ ጀመረ። በ1991 ፍሎሪዳ በሚገኘው የዩኒቨርሳል ፓርክ የተከፈተው «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» የተባለው ጉዞ ተሳፋሪዎቹን የሚያንገጫግጭ መኪና ውስጥ አስቀምጦ በዚሁ የአይማክስ ጉልላት ፊት ያቆማቸው ነበር፤ ፊልሙን ያዘጋጀውም የኒው ዮርኩ ጉልላት ባለሙያ ዳግላስ ትረምቡል ነው።