«የሰማህ ላልሰማ አሰማ»፦ ትርጉሙ፣ መነሻው እና ለጋዜጠኝነት ተማሪ ያለው ቁም ነገር

ይህ አባባል ዛሬ በስብሰባ ማብቂያ፣ በዕድር ጥሪ፣ በሰፈር ማስታወቂያ ላይ ይሰማል። ብዙዎቻችን የምንወስደው «ወሬውን አዳርስ» በሚል ነው። ትክክል ነው፤ ነገር ግን ግማሹ ብቻ ነው። አደራው የተጣለው በሰማው ሰው ላይ ነው። በግማሽ ጆሮ የሰማ ሰው እንዲያሰማ አልተጠራም።

መነሻው የአዋጅ ሥርዓት ነው። ጋዜጣና ሬዲዮ ባልነበረበት ዘመን የቤተ መንግሥት ቃል ለሕዝብ የሚደርሰው ነጋሪት እየተጎሰመ፣ አብዛኛውን ጊዜ በገበያ ቀን ነበር። ገበያ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው በአንድ ስፍራ ይገኝበታል። አዋጅ ነጋሪው «ስማ! ስማ!» ብሎ ጸጥታ ካገኘ በኋላ ቃሉን ያሰማል። ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት ስለነበረ ቃሉ ወደየመንደሩ የሚሄደው በሰሚው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ሰሚው የዘነጋው ነገር ለመንደሩ እንዳልተነገረ ይቆጠራል።

ሸክሙ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ከወሎ ጋር የተያያዘ አንድ አዋጅ ያሳያል። ዳግማዊ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ያስነገሩት የዐድዋ የክተት አዋጅ የሸዋን ሰው «እስከ ጥቅምት እኩሌታ ድረስ ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ» ይላል። ወረኢሉ ዛሬ በደቡብ ወሎ ያለችው ከተማ ናት። በዚህ አጭር ቃል ውስጥ ማን፣ እስከ መቼ፣ የት የሚሉት ሁሉ አሉ። አዋጁ በዚህ አያበቃም፤ ጉልበት ያለውንና የሌለውን ለይቶ ለየድርሻው ይናገራል፣ ወስልቶ የሚቀረውንም ያስጠነቅቃል። «ወረኢሉ» የሚለውን ይዞ «ጥቅምት እኩሌታ» የሚለውን የጣለ ሰሚ መንደሩን ሁሉ ሊያዘገይ ይችል ነበር። በየዜና ክፍሉ ለጀማሪ ዘጋቢ የሚነገሩትን ጥያቄዎች ያ የገበያ ሰው ብዕር ሳይዝ መመለስ ነበረበት።

አዋጅ ነጋሪው ቢቀርም ልማዱ ከአካባቢው አልጠፋም። ከኮምቦልቻ ወደ አፋር በሚወስደው መንገድ ላይ ባቲ ትገኛለች፤ ገበያዋ ሰኞ ይቆማል። አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በአንድ ሜዳ ይገበያያሉ። አፋሮች «ዳጉ» የሚሉት የወሬ ልውውጥ ሥርዓት አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ሰላምታ ብቻ ተለዋውጠው አይተላለፉም፤ አረፍ ብለው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ መንገዱ ደኅንነት ይጠያየቃሉ። ነጋሪው በዓይኑ ያየውንና ከሌላ የሰማውን ለይቶ ይናገራል። ሰሚውም ያንን ወሬ ነገ ለሌላ እንደሚነግር ስለሚያውቅ እስኪጠራለት ይጠይቃል። ሐሰት የጨመረ ሰው አመኔታውን ያጣል። በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ሆኖ ጋዜጠኝነት የሚማር ወጣት ስለ ምንጭ አጠቃቀም የሚማረው ነገር በጎረቤቱ ዘንድ የኑሮ ደንብ መሆኑን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት በመጠየቅ ሳይሆን በማዳመጥ ነው። እንበልና አንዲት ተማሪ ሐይቅ ወርዳ አንድ አዛውንት ዓሣ አስጋሪ ታነጋግራለች።

«አባባ፣ ይህን ሥራ ከጀመሩ ስንት ዓመት ሆነዎት?»

«ኧረ ብዙ ነው ልጄ። ያኔ መረቡን እዚሁ ዳር እንጥል ነበር፤ አሁን ልጆቹ እስከ መሀል ድረስ ይቀዝፋሉ።»

«እሺ። ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ዋጋው ነው።»

ዓይኗ ወረቀቷ ላይ ነበር። ዓሣው ለምን ከዳር ራቀ? ዘገባው ያለው እዚያ ነው። ደግሞም አዛውንቱ ያንን ሲናገሩ በእጃቸው ወደ ውኃው እያመለከቱ ይሆናል፤ ቀና ብትል ጀልባዎቹ የት እንዳሉ ታይ ነበር። የድምፅ መቅረጫው ቃሉን ያስቀርላታል፣ «ለምን?» ብሎ ግን አይጠይቅላትም።

ይህ በልምምድ የሚመጣ ነው። አንድን ቃለ መጠይቅ መጀመሪያ ምስሉን ሸፍኖ ማዳመጥ፣ ቀጥሎ ድምፁን አጥፍቶ ማየት፣ በመጨረሻ ሁለቱን አንድ ላይ መከታተል ጥሩ ዘዴ ነው። በመጀመሪያው የድምፅ መሰበርና ዝምታ ይሰማል፤ በሁለተኛው እጅና ፊት ይናገራሉ። ለጆሮ ልምምድ ደግሞ ወሎ የራሱ ሀብት አለው፦ ባቲና አምባሰል የቦታ ብቻ ሳይሆን የቅኝትም ስሞች ናቸው። ሁለቱን ሳይነገረው የሚለይ ጆሮ የተናጋሪን ድምፅ ለውጥም ይይዛል ብዬ አምናለሁ።

የአባባሉ ተቃራኒ «ጆሮ ዳባ ልበስ» ነው። እየሰሙ እንዳልሰሙ ለሚያልፉ ሰዎች ይነገራል፤ በተለይ የሕዝብን አቤቱታ ለማይሰሙ ሹማምንት።

በአሁኑ ጊዜ በቴሌግራምና በፌስቡክ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ መልእክት ግርጌ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ተብሎ ተጽፎ አያለሁ። ያሳዝነኛል፤ ላኪው አላየም፣ የሰማውም ማን እንዳለው አያውቅም። «የኮምቦልቻ መንገድ ተዘጋ» የሚል እንዲህ ያለ መልእክት የደረሰው ተማሪ ለማንም ከማስተላለፉ በፊት እዚያው መንገድ ላይ ላለ ሹፌር ይደውል፤ ቆሞ ያየው ምን እንደሆነ፣ ከሌላ የሰማው ደግሞ የትኛው እንደሆነ ለይቶ ይጠይቀው።