ሴደምን የሚገድለው ፀሐይ አይደለም

ጎንደር ውስጥ በየበረንዳው፣ በቀለም ባልዲና በዘይት ጀሪካን ቅጠለ ወፍራም ተክል አይጠፋም። ሴደም ከእነዚህ አንዱ ነው። ስለ እሱ ከሚወራው ግን ብዙው ልክ አይደለም።

«የቁልቋል ዘር ነው»

አይደለም። ሴደም የሚዛመደው ከእንዳሁላ ጋር ነው፤ ሁለቱም ክራሱላሴ የሚባለው ቤተሰብ ውስጥ ናቸው። ቁልቋል ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉ ነው። የሴደም ፈሳሽ ግን ጥርት ያለ ነው። በነገራችን ላይ፣ የኛ ቁልቋልም ቢሆን ካክተስ አይደለም። እውነተኛው ካክተስ እሾሃሙ በለስ ነው።

«ውሃ አይፈልግም፤ ተክሎ መርሳት ነው»

ይሄ በበጋ ግማሽ እውነት ነው። ብዙው የሴደም ዓይነት ውሃ ሲያጥረው አየር የሚያስገባባቸውን የቅጠሉን ቀዳዳዎች ቀን ዘግቶ ሌሊት ይከፍታል። ስለዚህ ውሃው በፀሐይ ቶሎ አይተንም። ቢሆንም ቅጠሉ መጨማደድ ሲጀምር ጠምቶታል። ያኔ ውሃው ከሥር እስኪወጣ ድረስ አጠጡትና አፈሩ ፈጽሞ እስኪደርቅ ተዉት። በየቀኑ ጠብ ጠብ ማድረግ አይጠቅመውም።

ጣጣው ክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጎንደር ላይ ዝናቡ ፋታ አይሰጥም። የዋልካ አፈር ደግሞ ውሃ ይዞ አይለቅም። ሥሩ እዚያ ውስጥ ይበሰብሳል። ግንዱ ከታች ከጠቆረና ቅጠሉ ውሃ ያዘለ ቢጫ ከሆነ፣ ጤነኛውን ጫፍ ቆርጣችሁ አትርፉ፤ የቀረውን ጣሉት። ማሰሮውን በዝናብ ወራት በረንዳ ላይ አስጠጉት፤ የቆርቆሮው ጠብታ ከሚወርድበት ቦታ ግን አርቁት። ባልዲው ከሥሩ ካልተበሳማ ሌላው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። አፈሩን ግማሽ በግማሽ ከአሸዋና ከጠጠር ጋር ቀላቅሉ።

«ፍግ በበዛ ቁጥር ያምራል»

ይረዝማል እንጂ አያምርም። ግንዱ ይልፈሰፈስና ይጋደማል።

«ቅጠሉ ከቀላ ታሟል»

ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ጠንካራ ፀሐይና የሌሊት ብርድ ሲያገኙት አንዳንዱ ዓይነት ቀይ ቀለም ያመርታል። ደንግጣችሁ ጥላ ውስጥ ብትከቱት አረንጓዴ ይሆናል፤ ግን ብርሃን ፍለጋ ይሳሳል።

«ቆርጦ ወዲያው መትከል ነው»

ቁስሉ ጥቂት ቀን ጥላ ውስጥ ይድረቅ። እርጥብ ቁስል እርጥብ አፈር ውስጥ ሲገባ ለመበስበስ ቅርብ ነው። የረገፈ ቅጠልም ብዙ ጊዜ ደረቅ ያለ አፈር ላይ ጣል ቢያደርጉት ሥር ያወጣል፤ የአህያ ጭራ የሚመስለው፣ ከሜክሲኮ የመጣው ተንጠልጣይ ዓይነት በተለይ።

«ቅጠሉን አይቶ መለየት ይቻላል»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል፤ ሻጮችም ጭምር። ቅጠሉ ወፍራም የሆነውን ሁሉ «ሴደም» ብለው ይሸጣሉ። አበባውን ጠብቁ። የሴደም አበባ ትንሽ ኮከብ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እርስ በርስ ያልተያያዙ አምስት የአበባ ቅጠሎች አሉት። የእንዳሁላ አራት ሲሆን ከታች ተያይዞ ቱቦ ይሠራል። ኤቸቬሪያ የሚባለው ሌላው ቅጠለ ወፍራም ቅጠሉን እንደ ጽጌረዳ ይደረድራል፤ አበባው ደግሞ ደወል ይመስላል።

ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ሴደም ብሎ የመዘገበው ወገን ራሱ ኋላ ላይ ተከፋፍሏል። ቀጥ ብለው የሚያድጉት አንዳንዶቹ ዛሬ ሃይሎቴሌፊየም ይባላሉ። የድሮው ስም ጨርሶ ስላልጠፋ አንድ ተክል በሁለት ስም ቢሸጥላችሁ አትገረሙ።

«የእንዳሁላ ዘመድ ስለሆነ መድኃኒት ይሆናል»

ዝምድና ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሴደም አክሬ የሚባለው፣ ቢጫ አበባ ያለው አጭሩ ዓይነት፣ ሲበሉት ሆድ ይረብሻል፤ ፈሳሹም ቆዳ ሊያሳክክ ይችላል። ሕፃን ካለ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት።