የጅምላ ድምፅ ምንድን ነው?

ጅማ ውስጥ በቡና ቀማሽ ፊት የሚደረደረው ስኒ ስም የለውም። ናሙናው የሚታወቀው በቁጥር ብቻ ነው። ቀማሹ በማንኪያ ጨልፎ ይስባል፣ ያጣጥማል፣ ይተፋል፣ ነጥቡን ይጽፋል። ቡናው ከማን ማሳ እንደመጣ የሚነግረው የለም፤ የአጎቱ ልጅ ቡና ቢሆን እንኳ ሊያዳላለት አይችልም። ፍትሐዊ ዳኝነት ምን እንደሚመስል እኔ የተረዳሁት ከዚያ ጠረጴዛ ነው።

ፊልም ግን በቁጥር ተሸፍኖ ሊቀርብ አይችልም። አኒሜሽን ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ የገጸ ባህርያቱ ዓይን አሳሳል ብቻ የትኛው ስቱዲዮ እንደሠራቸው ይናገራል። ስለዚህ ለሽልማት ድምፅ የሚሰጥ ባለሙያ ብዙውን ጊዜ የራሱን ቤት ሥራ ከሌላው ጋር እያስተያየ ነው የሚመዝነው። የጅምላ ድምፅ የምንለው፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ወይም በአንድ ጥቅም የተሳሰሩ ብዙ ሰዎች በመራጮች መዝገብ ላይ አብረው ሰፍረው ድምፃቸው ወደ አንድ ሥራ ሲያጋድል ነው። ሴራ አያስፈልገውም። አዛዥም አያስፈልገውም። ሌሊቱን እየነጋበት ለዓመታት የሳለውን ፊልም ከሁሉ አብልጦ የሚወድ ሠዓሊ አጭበርባሪ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ፍቅር ባይኖረው ሥራውንም ባልጨረሰው ነበር። ጥፋቱ ያለው እንዲህ ያሉ 30 ሰዎች አንድ ላይ ሲቆጠሩ የሚሆነውን አስቀድሞ ባላሰበው ደንብ ላይ ነው።

የሚሆነውን በቁጥር እንየው። 100 መራጮችና 5 ፊልሞች አሉ እንበል። 30ዎቹ መራጮች የአንድ ስቱዲዮ ሠራተኞች ናቸው፤ ሁሉም የራሳቸውን ፊልም መረጡ። ከቀሩት 70ዎቹ አንዳቸውም ያንን ፊልም አልመረጡትም፤ 28ቱ ሁለተኛውን ፊልም፣ የቀሩት 42 ደግሞ ሦስቱን ፊልሞች 14፣ 14 እየሆኑ መረጡ። ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል ከተባለ ዋንጫው በ30 ድምፅ ይሄዳል፤ ከስቱዲዮው ውጭ አንድም ሰው ላልመረጠው ፊልም! እያንዳንዱ ሰው የሰጠው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። አንድም ወረቀት አልተሰረቀም። ቆጠራውም ትክክል ነው። ውጤቱ ግን ስለ ፊልሙ ጥራት የሚነግረን ነገር የለም፤ የሚነግረን ማን ስንት ሠራተኛ እንዳለው ነው።

በዓለም አደባባይ ይህን ክርክር ያስነሳው የአኒ ሽልማት ነው። አሲፋ ሆሊውድ የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ለአኒሜሽን ባለሙያዎች የሚሰጠው ሲሆን፣ በሙያው ውስጥ ትልቅ ክብር አለው። እ.ኤ.አ. በጥር 2009 በተካሄደው ሥነ ሥርዓት ድሪምዎርክስ የተባለው ስቱዲዮ የሠራው «ኩንግ ፉ ፓንዳ» ሽልማቱን ጠራርጎ ወሰደ፤ የተፎካካሪው ስቱዲዮ የፒክሳር «ዎል-ኢ» አንድም ሳያገኝ ወጣ። በሚቀጥለው ወር ኦስካርን የወሰደው ግን «ዎል-ኢ» ነበር። በዚያን ጊዜ የማኅበሩን የአባልነት ክፍያ የፈጸመ ሰው ድምፅ መስጠት ይችል ስለነበር፣ ድሪምዎርክስ ለሠራተኞቹ አባልነት ይከፍላል የሚለው ቅሬታ ገነነ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2010 ላይ ዲዝኒና የእሱ የሆነው ፒክሳር የአኒ ሽልማት አካሄድ እንዳሳሰባቸው ገልጸው ከማኅበሩ ራሳቸውን አገለሉ፤ የተመለሱት ደንቡ ከተሻሻለ በኋላ ነው።

«ኩንግ ፉ ፓንዳ» መጥፎ ፊልም ነው እያልኩ አይደለም፤ በንጹሕ መዝገብም ያሸንፍ ይሆናል። ለእኔ ትልቁ ጉዳት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ መዝገቡ ሲጠረጠር በእውነት የሚገባው አሸናፊም ክብሩን በሙሉ ልብ አይቀበልም።

መፍትሔው ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ የመራጩን መዝገብ በክፍያ ሳይሆን በሙያ መወሰን ነው። ሌላው መራጩ ፊልሞቹን በቅደም ተከተል እንዲያስቀምጥ ማድረግ ነው፤ ጥቂት ድምፅ ያገኘው ፊልም ከውድድሩ ሲወጣ የመራጮቹ ድምፅ ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ይተላለፋል። ኦስካር የዓመቱን ምርጥ ፊልም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የሚመርጠው እንዲህ ነው። ከላይ ባየነው ምሳሌ 70ዎቹ ሰዎች ሁሉ የስቱዲዮውን ፊልም በመጨረሻ ቢያስቀምጡ ኖሮ 30ው ድምፅ እዚያው 30 ሆኖ ይቀር ነበር፤ ከሌሎቹ አንዱ ፊልም ግን የሚተላለፍለትን ድምፅ ሰብስቦ ያሸንፍ ነበር። እንደ ፈረንሳዩ የአኔሲ አኒሜሽን ፌስቲቫል ጥቂት ዳኞችን መሰየምም ይቻላል፤ ያኔ ግን የጥቂት ሰዎች ምርጫ የሁሉ ፍርድ ይሆናል። እኔን ከሁሉም የሚያስደስተኝ የኦስካር አካዳሚ በ2025 ያወጣው ደንብ ነው፤ በመጨረሻው ዙር በአንድ ዘርፍ ድምፅ ለመስጠት በዘርፉ የታጩትን ሁሉ ማየት ግድ ሆነ። ያላየውን የሚፈርድ ዳኛ ያልቀመሰውን ቡና ነጥብ እንደሚሰጥ ቀማሽ ነው። በዚያው ዓመት ከላትቪያ የመጣው «ፍሎው» በአኒሜሽን ዘርፍ አሸንፏል፤ የተሠራው ብሌንደር በተባለው ነጻ ሶፍትዌር ነው። ያንኑ ሶፍትዌር እዚህ ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ያሉ ልጆች ዛሬ በአሮጌ ኮምፒውተር ይማሩበታል። ትንሽ ቡድን ዕድል የሚኖረው ሥራው ከታየለት ብቻ ነው።

እዚሁ ጅማ በአንድ የወጣቶች ውድድር ላይ የጅምላውን ድምፅ በዓይኔ አይቻለሁ። ዳኛው የአዳራሹ ታዳሚ ነበር፤ እጅ ይወጣል፣ ይቆጠራል። አንዱ ተወዳዳሪ የክፍል ጓደኞቹን በሚኒባስ ጭኖ መጣ። ከአጋሮ ብቻዋን የመጣች ልጅ ግን የአያቷን የቡና አፈላል በእጅ የሳለችበት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበራት፤ የጀበናው እንፋሎት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ያገኘችው አራት እጅ ነበር። ልጁ ምንም ደንብ አልጣሰም፤ አልወቀስኩትምም። ወደ አዘጋጆቹ ሄጄ ግን ለሚቀጥለው ጊዜ ሦስት ነገር እንዲያደርጉ ለመንኳቸው፦ የመራጮቹ ስም ከውድድሩ በፊት ይዘጋ፣ ሥራዎቹን ሁሉ ያላየ አይምረጥ፣ የተወዳዳሪ ባልደረባ ጓደኛው በሚወዳደርበት ዘርፍ ድምፅ አይስጥ። ሁለቱን ወዲያው ተቀበሉ። በሦስተኛው ላይ «ጅማ ውስጥ የማይተዋወቅ ሰው ከየት እናመጣለን?» አሉኝ፤ እስካሁን እየተነጋገርንበት ነው።