የባታን የሞት ጉዞ ሟቾች ቁጥር ለምን ይለያያል?

ስለ ባታን የሞት ጉዞ ስታነቡ አንዱ ጋ የሟቾቹ ቁጥር 5,000፣ ሌላው ጋ 18,000 ሆኖ ታገኙታላችሁ። ግራ ያጋባል፤ ግን ምክንያት አለው።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 9 ቀን 1942 ፊሊፒንስ ውስጥ ባታን ላይ ወደ 75,000 የሚሆኑ ፊሊፒናውያንና አሜሪካውያን ወታደሮች ለጃፓን ጦር እጃቸውን ሰጡ። ቀድሞውኑ በረሃብና በወባ የተዳከሙ ሰዎች ናቸው። በዚያ ሐሩር፣ ውሃ እንኳ እየተከለከሉ እስከ ሳን ፈርናንዶ ከተማ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግር ተነዱ፤ ደክሞት ከሰልፉ የቀረውን ብዙ ጊዜ በሳንጃ ይወጉታል። ከዚያ አየር በሌለው የዕቃ ባቡር ታጭቀው ወደ ካፓስ ከተማ፣ ከካፓስ ደግሞ እንደገና በእግር ወደ ኦዶኔል የምርኮኞች ካምፕ።

ችግሩ ሲነሱ በቅጡ የቆጠራቸው አልነበረም። ካምፕ ያልደረሰ ሁሉ ደግሞ አልሞተም፤ አምልጠው የመንደር ሰው የሸሸጋቸው አሉ። ሌላው ልዩነት፣ ካምፑ ውስጥ በተቅማጥና በወባ ያለቁት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው፤ አንዳንዱ አብሮ ይደምራቸዋል፣ አንዳንዱ ለብቻ ይይዛቸዋል። እኔ አብረው መቆጠር አለባቸው ባይ ነኝ፣ የገደላቸው ያው ጉዞው ነውና።

የ1929ኙ የጄኔቫ ስምምነት ምርኮኛ በእግር ሲወሰድ በመደበኛው በቀን ከ20 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ ይላል። ጃፓን ፈርማ ነበር፣ አላጸደቀችውም። የጃፓኑ ጦር አዛዥ ጄኔራል ሆማ ግን በዚህ ጉዳይ ተፈርዶበት በ1946 በጥይት ተገደለ።