ጥይቱን ያስወደደው ማነው? ስለ አሜሪካ የጥይት እጥረት የሚወሩ ስህተቶች

2020 ላይ አሜሪካ ውስጥ ጥይት ጠፋ። መጀመሪያ ኮቪድ መጣ። ከጆርጅ ፍሎይድ ግድያ በኋላ ተቃውሞና ረብሻ ተከተለ፣ ከዚያ ደግሞ ምርጫ። ሦስቱ በአንድ ዓመት ተደራረቡና ሕዝቡ ወደ መሣሪያ ሱቅ ጎረፈ። ከእኛም ሰው፣ በተለይ ሱቅ ወይም ማደያ ኖሮት እኩለ ሌሊት ዘግቶ የሚወጣው፣ የመጀመሪያ ሽጉጡን ያኔ የገዛ አለ። ታዲያ ሽጉጡን ይዞ ጥይት ሲያጣ፣ ሲያገኝም ዋጋው ሦስት እጥፍ ሆኖ ሲጠብቀው፣ የረገመው ባንኮኒው ጀርባ የቆመውን ሰው ነው። እርግማኑ አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የወረደው ያለቦታው ነው። እስቲ የሚወሩትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«እጥረት የሚባል ነገር የለም፣ ፋብሪካዎቹ ደብቀውት ነው»

ይሄ ወሬ በጣም ከመናፈሱ የተነሳ «ፌዴራል» የተባለው ጥይት አምራች ኩባንያ ፕሬዚዳንት ጄሰን ቫንደርብሪንክ 2020 መጨረሻ ላይ በቪዲዮ ወጥቶ ለማስተባበል ተገዷል። እሱማ የራሱን ቤት ነው የሚከላከለው ትሉ ይሆናል። እሺ፣ ቁጥሩን እንየው። ኤፍቢአይ ከመሣሪያ ግዢ ጋር በተያያዘ የሚያደርገው የጀርባ ምርመራ በ2019 ወደ 28 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በ2020 ከ39 ሚሊዮን አለፈ። አንድ ምርመራ አንድ መሣሪያ ማለት አይደለም፣ ግን አቅጣጫውን ያሳያል። የመሣሪያ ኢንዱስትሪው ማኅበር ደግሞ በዚያ ዓመት ከ8 ሚሊዮን በላይ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ መሣሪያ ገዛ ብሎ ገምቷል። እያንዳንዱ አዲስ ገዢ 50 ፍሬ የሚይዝ ፓኬት ሁለት ሁለት ብቻ ቢወስድ 800 ሚሊዮን ጥይት ነው። ይሄ እንግዲህ ነባሩ ተኳሽ በድንጋጤ ያጋበሰውን ሳንቆጥር ነው።

ፋብሪካው ለምን ቶሎ አላመረተም? ጥይት ማለት ቀለሃ፣ ባሩድ፣ እርሳስና ከቀለሃው ኋላ የምትገባው ትንሿ ማቀጣጠያ፣ ፕራይመር የሚሏት፣ ናቸው። ይቺ ትንሿ ነገር ናት አንገት ያነቀችው። ውስጧ ያለው ኬሚካል ሲነካ የሚፈነዳ ነው፣ ስለዚህ ማንም ተነስቶ ጓሮው አያመርታትም። አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚሠሯት ሲሲአይ፣ ፌዴራል፣ ዊንቸስተርና ሬሚንግተን ናቸው። ከእነሱ አንዱ ሬሚንግተን ደግሞ ሐምሌ 2020 ላይ፣ ገበያው ጥይት ጥይት እያለ በሚጮህበት ሰዓት፣ ለኪሳራ አመለከተ! አርካንሳስ ሎኖክ ያለውን የጥይት ፋብሪካውን የገዛው ቪስታ አውትዶር ነው፣ የፌዴራልና የሲሲአይ ባለቤት የነበረው። አዲስ የማምረቻ መስመር ለመትከል ዓመታት ይፈጃል፣ ድንጋጤው ቢበርድ ደግሞ ማሽኑ ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። ባለፋብሪካዎቹ ይህን በ2013ቱ የጥይት ድንጋጤ፣ ወደ ታች የምናወራው ነው፣ አይተውታል።

ዋልማርት የሚባለው ትልቁ ቸርቻሪም አለ። ቴክሳስ፣ ኤል ፓሶ ባለው ሱቁ ጭፍጨፋ ከተፈጸመ በኋላ፣ መስከረም 2019 ላይ፣ የሽጉጥ ጥይትና አንዳንድ የጠመንጃ ጥይቶችን መሸጥ እንደሚያቆም አስታወቀ። ስለዚህ እጥረቱ ሲመጣ ርካሹ ትልቅ ሻጭ ከገበያው ወጥቷል።

«በ8 ዶላር የገዛውን በ30 የሚሸጥ ሌባ ነው»

ሰው የሚናደደው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። ከወረርሽኙ በፊት ተራ የዘጠኝ ሚሊሜትር ጥይት አንዱ ፍሬ ከ20 ሳንቲም በታች ይገኝ ነበር። 2021 መጀመሪያ ላይ 60፣ 70 ሳንቲም፣ ከዚያም በላይ ሄደ። መደርደሪያው ላይ ያለው ፓኬት ያው የድሮው ፓኬት ሊሆን ይችላል፣ አቧራው ራሱ አልተራገፈም። ባለሱቁ ግን የሚያስበው የገዛበትን ሳይሆን የሚተካበትን ዋጋ ነው።

እንበል አንድ ትንሽ ሱቅ 100 ፓኬት በ8 ዶላር ገዝቷል። በ10 ሸጠው፣ 1,000 ዶላር እጁ ገባ። ለአከፋፋዩ ሲደውል «አሁን 20 ነው፣ እሱም ካለ» ይባላል። በያዘው ገንዘብ 50 ፓኬት ብቻ ይገዛል። እሱንም እንደ ድሮው ሁለት ዶላር አትርፎ ቢሸጥና ዋጋው እንደገና ቢጨምር፣ ሱቁ በ«ደግነት» ወራት ውስጥ ባዶውን ይቀራል። የቤት ኪራዩ ግን አይጠብቀውም። አዲስ አበባ ዘይትና ስኳር የሸጠ ሰው ይህን ሒሳብ ያለ አስተማሪ ያውቀዋል።

ይህ ማለት ሁሉም ባለሱቅ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ትዕዛዝ ተቀብሎ፣ ገንዘቡን ከካርድ ቆርጦ፣ ከሁለት ቀን በኋላ «ይቅርታ አልቋል» ብሎ ሰርዞ፣ ያንኑ ጥይት በእጥፍ ዋጋ መልሶ የሚለጥፍ ሻጭ አለ። እሱ የመተኪያ ዋጋ ምናምን ብሎ ሊከራከረኝ አይችልም። የሰው ችግር ላይ ነው የሚነግደው፣ አለቀ።

«ዋጋ ያልጨመረው ሱቅ ለደንበኛ አሰበ»

አስቦ ይሆናል። ግን ማን ገዛው? ጭነት የሚመጣበትን ቀን የሚያውቁት ሰዎች ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ተሰልፈው ይጠብቃሉ። መደርደሪያው ላይ «ለአንድ ሰው ሁለት ፓኬት ብቻ» የሚል ወረቀት ቢለጠፍም ሚስት፣ ወንድም፣ ጓደኛ ይዘው ይመጣሉ። ከሥራ ወጥቶ ማታ ብቅ የሚለው ሰው የሚያገኘው ወረቀቱን ብቻ ነው። ጥይቱ ደግሞ በኢንተርኔት ጨረታ ላይ በሦስት እጥፍ ብቅ ይላል። መልሶ መሸጡም ከባድ አይደለም፣ ምክንያቱም ከ1986ቱ የሕግ ማሻሻያ ወዲህ ጥይት ለመቸርቸር ብቻ የፌዴራል ፈቃድ አያስፈልግም። እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ግዛቶች ግን የራሳቸው ጥብቅ ሕግ አላቸው። ስለዚህ ሱቁ ያልወሰደውን ትርፍ ሌላ ሰው ወሰደው። ገደቡን በሥርዓት ያስከበረ፣ ለቋሚ ደንበኛው ከሥር ያስቀመጠ ሱቅ ግን ነበር። ለእኔ ምርጡ እሱ ነው።

«ሕጉ ጥይትን አይመለከትም»፣ «አይ፣ ዋጋ መቆለል የትም ወንጀል ነው»

ሁለቱም ስህተት ናቸው። በፌዴራል ደረጃ ዋጋ መቆለልን በጥቅሉ የሚከለክል ሕግ የለም። ሥራው የግዛቶች ነው። ብዙዎቹ ግዛቶች ሕግ አላቸው፣ በአብዛኛው ግን የሚሠራው የአስቸኳይ ጊዜ ወይም የአደጋ አዋጅ ሲታወጅ ነው። ተራ የገበያ ግርግር አይበቃም። ካሊፎርኒያ አዋጅ ባለበት ወቅት ለተዘረዘሩ ዕቃዎች 10 በመቶ ጭማሪ ላይ መስመር ታሰምራለች። የቴክሳስ ሕግ ቁጥር አያስቀምጥም። ነዳጅ፣ ምግብ፣ መድኃኒት እያለ ይዘረዝርና «ወይም ሌላ አስፈላጊ ነገር» ይላል።

ጥይት «አስፈላጊ ነገር» ነው? ቴክሳስ ላይ ይህን ጥያቄ የሚስቅበት የለም። መጋቢት 2020 የኮቪድ አዋጅ ከወጣ በኋላ ቺፐር ዛን ደርት በተባለው የኢንተርኔት ጥይት ሻጭ ላይ አቤቱታ ቀረበ። የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮም ጉዳዩን ያዘው። መጨረሻው ስምምነት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም፣ ድርጅቱ ግን ከ400 ሺህ ዶላር በላይ ለደንበኞች ለመመለስ ተስማማ። ስለዚህ በአዋጅ ጊዜ የተበለጠ ሰው ደረሰኙንና የዋጋውን ስክሪንሾት ይዞ ለግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢያመለክት ከንቱ አይደለም። ፌስቡክ ላይ ከመሳደብ ይሻላል።

«መንግሥት ነው የገዛው»

ይሄኛው የ2013 ወሬ ነው። ያኔ ከሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ግድያ በኋላ አዲስ ሕግ ይወጣል ተብሎ ተፈርቶ ጥይት ሲጠፋ፣ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር 1.6 ቢሊዮን ጥይት ሰበሰበ ተባለ። የኮንግረሱ ኦዲት መሥሪያ ቤት አጣርቶ 2014 ላይ ያወጣው ቁጥር በዓመት በአማካይ 109 ሚሊዮን ገደማ ነው። ግዢውም እየቀነሰ ነበር። በቢሊዮን በሚቆጠር ገበያ ውስጥ ይሄ መደርደሪያ አያራቁትም።

«የራሺያ ጥይት ስለታገደ ነው»

ማዕቀቡ የታወጀው ነሐሴ 2021 ነው፣ ከራሺያው ተቃዋሚ ናቫልኒ መመረዝ ጋር ተያይዞ። ያኔ ዋጋው ሰማይ ከነካ ቆይቶ ነበር። ርካሹን የክላሽ ጥይት አስወድዶታል፣ እጥረቱን ግን አልፈጠረውም።

«አንዴ የወጣ ዋጋ አይወርድም»

እኛ አገር ስላደግን ይመስለናል። 2023 ላይ የዘጠኝ ሚሊሜትሩ ጥይት ወደ 25 ሳንቲም አካባቢ ተመልሷል። የድሮው ዋጋ ባይሆንም ከ70 ጋር አይወዳደርም። ያው የመተኪያ ዋጋ ሒሳብ ሲወርድም ይሠራል፦ በ45 ሳንቲም ገዝቶ መጋዘን የሞላ ባለሱቅ፣ ጎረቤቱ በ25 ሲሸጥ፣ ዓይኑ እያየ በኪሳራ ይሸጣል። ያኔ «ከመግዣህ በታች አትሽጥልኝ» ያለ ደንበኛ እስካሁን አልሰማሁም።