ፓወር ሲት ምንድን ነው? የሾፌር ወንበር አልሄድ ሲልስ ከየት ይጀመራል?

ፓወር ሲት የምንለው በእጅ በሚሳብ ብረት ሳይሆን በኤሌክትሪክ ሞተር የሚንቀሳቀስ የመኪና ወንበር ነው። በበሩ በኩል፣ ከወንበሩ ጎን ትንንሽ ስዊቾች አሉት። ስዊቹን ወደ ፊት ስትገፉት ወንበሩ ወደ መሪው ይጠጋል፣ ወደ ኋላ ስትስቡት ይርቃል። ከፍና ዝቅም ይላል። መደገፊያው ደግሞ በራሱ ስዊች ይቀናል፣ ይተኛል። አዲስ አበባ ውስጥ "ፉል ኦፕሽን" ተብለው በሚሸጡ ፕራዶዎች፣ ላንድክሩዘሮችና ፓትሮሎች ላይ በብዛት ይገኛል።

ነገሩ ቆየት ያለ ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. ፎርድ ተንደርበርድ ሲወጣ በአራት አቅጣጫ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ወንበር ይቀርብለት ነበር። በ1957 እ.ኤ.አ. የወጣው ካዲላክ ኤልዶራዶ ብሮም ደግሞ የሾፌሩን አቀማመጥ የሚያስታውስ ወንበር ነበረው። ያኔ የሀብታም መኪና ጌጥ ነበር። ዛሬ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ቆማችሁ ብትቆጥሩ በየጥቂት ደቂቃው አንድ ያልፋል።

ሲበላሽ ግን ሁላችንም የምንለው አንድ ነው፤ "ወንበሩ ተበላሸ።" ጋራዥ ስትሄዱም ብዙ ጊዜ የምትሰሙት "ሙሉ ወንበሩ ይቀየር" የሚለውን ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። በአንድ ወንበር ሥር ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሞተሮች አሉ። አንዱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወስዳል። አንዱ የፊቱን ጫፍ ያነሳል። ሌላው የኋላውን ያነሳል። መደገፊያውም የራሱ አለው። እያንዳንዱ ሞተር የራሱ ሽቦ፣ የራሱ ስዊች፣ የራሱ ጥርስ (ጥርስ ያለው ማዞሪያ) አለው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ከነዚህ አንዱ ብቻ ነው። ለአንዱ ብሎ ሁሉን መጣል ገንዘብ ማባከን ነው።

"ታዲያ ወንበሩ ባለበት ቢቆምስ፣ መኪናው ይሄድ የለ?" የሚል ሰው አይጠፋም። በዚህ አልስማማም። ብዙ ቤት መኪናው አንድ፣ ነጂው ሁለትና ሦስት ነው። ወንበሩ በረጅሙ ባል ልክ ከቆመ፣ ሚስት ፍሬኑን የምትረግጠው በእግሯ ጫፍ ነው። ከፒያሳ በቸርችል ቁልቁል ወደ ለገሃር ስትወርዱ፣ ከፊታችሁ ያለው ታክሲ ተሳፋሪ ለማውረድ ድንገት ሲቆም፣ ፍሬን በሙሉ እግር መረገጥ አለበት። ከጀርባ ትራስ መደርደርም መፍትሔ አይደለም። በግጭት ጊዜ ትራሱ ይጨመቃል፤ ቀበቶውም ላልቶ ይገኛል። በተቃራኒው ወንበሩ ወደ ፊት ተጠግቶ ከቆመ አደጋው ኤርባጉ ነው። ከመሪው መሃል እስከ ደረታችሁ ቢያንስ 25 ሳንቲሜትር ርቀት እንዲኖር ይመከራል። ከዚያ ከቀረባችሁ የሚፈነዳው ኤርባግ ራሱ ሊጎዳችሁ ይችላል።

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ።

ሞተሮቹ የሚሠሩት በ12 ቮልት ነው። ወንበሩ ሁለቱንም አቅጣጫ እንዲሄድ የሚያደርገው ስዊቹ ነው። ሳትነኩት የሞተሩ ሁለቱም ሽቦዎች ከኔጋቲቭ ጋር ናቸው። ወደ አንድ በኩል ስትጫኑ አንደኛው ሽቦ ወደ ፖዘቲቭ ይዞራል። ወደ ሌላው ስትጫኑ ሌላኛው ይዞራል፤ ሞተሩም በተቃራኒው ይሽከረከራል። ይህን ማወቅ ብቻውን አንድ ትልቅ ጥያቄ ይመልሳል። ወንበሩ ወደ ፊት ሄዶ ወደ ኋላ አልመለስ ካለ፣ ሞተሩ ደህና ነው ማለት ነው። መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ስዊቹ ነው። ውስጡ ያሉት የመዳብ መገናኛዎች ጠቁረው ወይም ቆሽሸው ይሆናል። ስዊች መክፈትና ማጽዳት ደግሞ ከሞተር መግዛት ጋር አይወዳደርም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ከሞተሩ በኋላ ያለውን ነው። ወንበሩ የሚሄደው በሁለት የብረት ሐዲድ ላይ ነው፣ በግራና በቀኝ። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚወስደው ሞተር በብዙ መኪኖች ላይ አንድ ሆኖ መሃል ይቀመጣል። ታዲያ ሁለቱን ሐዲዶች እንዴት እኩል ያንቀሳቅሳል? ከሞተሩ ግራና ቀኝ ሁለት ተጣጣፊ ገመዶች ይወጣሉ። እንደ ድሮ መኪና የኪሎሜትር ቆጣሪ ገመድ ማለት ነው፤ ውጩ የፕላስቲክ ልባስ፣ ውስጡ የሚሽከረከር ብረት። የብረቱ ጫፍ አራት ማዕዘን ነው። ያ ጫፍ ሐዲዱ ላይ ያለች ትንሽ የጥርስ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ጥርሱ ረጅም ብሎን ያዞራል፣ ብሎኑም ወንበሩን ይገፋል።

ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚህ ነው። ገመዱ ከዕድሜ ብዛት ከቦታው ይሸሻል፣ ወይም አራት ማዕዘኑ ጫፍ ይበላና ይከባል። ያኔ አንደኛው ሐዲድ ይሄዳል፣ ሌላኛው ይቆማል። ወንበሩ ይጠማዘዝና ይነክሳል፤ ተቀርቅሮ ይቆማል። ሾፌሩ "አልሄድ አለ" ብሎ ስዊቹን ደጋግሞ ይጫናል። ደህና የነበረው ጥርስ የሚሰበረው በዚያ ግፊት ነው። ስለዚህ ወንበራችሁ በአንድ በኩል ቀድሞ በሌላ በኩል ሲዘገይ ካያችሁ፣ እጃችሁን ከስዊቹ ላይ አንሱ። በጊዜ የደረሰበት ጥሩ መካኒክ ገመዱን መልሶ ያስገባዋል። የልባሱን ጫፍ በጥቂት ሚሊሜትር አሳጥሮ ያልተበላው ብረት እንዲወጣና እንዲይዝ የሚያደርግም አለ። ለዚህ አዲስ ዕቃ አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ ወንበር ሳይፈታ ለመገመት የሚረዳው ጆሮ ነው። ሬዲዮውን አጥፉ፣ በሩን ዝጉ፣ ስዊቾቹን አንድ በአንድ ተጫኑ።

ምንም ድምፅ ከሌለ ብዙ ጊዜ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው። ሁሉም ስዊቾች ዝም ካሉ ፊውዙን፣ ዋናውን ሶኬትና የኔጋቲቩን ሽቦ ማየት ነው። አንዱ ብቻ ዝም ካለ ወይ የእሱ ስዊች ወይ የእሱ ሞተር ነው። ሞተሩ እየጮኸ ወንበሩ የማይነቃነቅ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ገመዱ ወይም ጥርሱ ነው የለቀቀው። እያቃሰተ፣ በዝግታ የሚሄድ ከሆነ ሐዲዱ ላይ የሚይዘው ነገር አለ፣ ወይም ኃይል በደንብ አልደረሰውም። ሌላም አለ። የሾፌሩን አቀማመጥ የሚያስታውሱ ወንበሮች ሞተሩ ስንት ዙር እንደዞረ የሚቆጥር ሴንሰር አላቸው። የሴንሰሩ መልእክት ሲቋረጥ ኮምፒውተሩ ሞተሩን ያስቆመዋል። ወንበሩ ትንሽ ሄዶ ቀጥ ይላል፤ ደግማችሁ ስትጫኑ ደግሞ ትንሽ ይሄዳል። ይህ ሲያጋጥም ሞተር መግዛት አይረዳም።

ቴስተር የያዘ ኤሌክትሪሺያን የሞተሩን ሶኬት ነቅሎ፣ ስዊቹን እያስጫነ 12 ቮልት መድረሱን ማየት ይችላል። ደርሶ ሞተሩ ካልዞረ ጥፋቱ የሞተሩ ነው። ግን ቴስተር ብቻውን ሊሸውድ ይችላል። የዛገ ሽቦ ሥራ ሳይኖርበት 12 ቮልት ያሳይና ሞተሩ ኃይል ሲስብ ቮልቱ ይወድቃል። ስለዚህ በሞተሩ ቦታ ባለ 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል አስገብቶ ማየት የተሻለ ነው። አምፖሉ ደምቆ ከበራ መንገዱ ንጹሕ ነው። ከደበዘዘ ሽቦው ይፈተሽ።

ዝገቱ ከየት መጣ ካላችሁ፣ ላቫጆ ላይ ላተኩር። ሶኬቶቹ ያሉት ከወንበሩ ሥር፣ ምንጣፉ ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ጭቃና ውኃ በጫማ ይገባል፤ እሱ ይሁን። ላቫጆ ቤት ግን የውስጡን ምንጣፍ በውኃ ግፊት የሚያጥብ አለ። ውኃው ሶኬቶቹ ውስጥ ይገባል። በዚያ ቀን ምንም አይሆንም። ከወራት በኋላ ፒኖቹ አረንጓዴ ሆነው ይገኛሉ። መኪናችሁን ስታሳጥቡ "ከወንበር ሥር ውኃ እንዳትረጭ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው" በሉት። ይህ ምንም አያስከፍልም።

ሌላው ነጻ ምርመራ የስልክ መብራት ነው። ጎንበስ ብላችሁ ሐዲዱን ተመልከቱ። ሳንቲም፣ እስክሪብቶ፣ የልጅ መጫወቻ፣ የውኃ ጠርሙስ ክዳን፤ ከነዚህ አንዱ ሐዲዱ ውስጥ ተሰንቅሮ ወንበር ያቆማል። የከተማችን አቧራም ከአሮጌ ግሪስ ጋር ተጣብቆ እንደ ሙጫ ይሆናል። አሮጌው ግሪስ ተጠርጎ ነጭ ሊቲየም ግሪስ በስሱ ይቀባ። ደብሊው ዲ ፎርቲ የሚባለውን ስፕሬይ የሚረጩ አሉ። እሱ ለማጽዳት ይሆናል እንጂ የግሪስን ቦታ አይተካም።

ወንበሩን መፍታት ካስፈለገ ግን አንድ ነገር በጥብቅ አስባችሁ ግቡ። ከወንበሩ ሥር ቢጫ ሶኬት ካያችሁ የኤርባግ ወይም የቀበቶ ማጥበቂያ ነው። በኤርባጉም ሆነ በማጥበቂያው ውስጥ ፈንጂ አለ። መጀመሪያ መኪናው ይጥፋ፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታ፣ ከዚያ ይጠበቅ። በብዙ ቶዮታዎች መመሪያ ላይ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይላል፤ ሌሎች መኪኖች ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። ሶኬቱ ተነቅሎ እያለ ቁልፍ ማዞር የለም። ካዞራችሁ የኤርባግ መብራቱ ዳሽቦርዱ ላይ በርቶ ይቀራል፤ ለማጥፋትም የኮምፒውተር ምርመራ ሊያስፈልግ ይችላል። "ችግር የለውም፣ ሁሌ እንዲህ ነው የምሠራው" የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ወንበሩን ከወለሉ ጋር የሚይዙት አብዛኛውን ጊዜ አራት ብሎኖች ናቸው። የፊቶቹ ሁለቱ የሚታዩት ወንበሩ ወደ ኋላ ሲሄድ ነው፤ የኋላዎቹ ደግሞ ወደ ፊት ሲመጣ። ወንበሩ ከቆመ እንዴት ይፈታል? ሞተሩን ሶኬቱ ላይ፣ ፊውዝ ባለው ሽቦ፣ ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ቀጥታ አገናኝቶ ማንቀሳቀስ ይቻላል። ሞተሩ ከሞተ ገመዱን ከሞተሩ ነቅሎ በድሪል ቀስ እያሉ ማዞር ይሠራል። በኃይል መጎተትና በመዶሻ መምታት ግን ሐዲዱን ያጣምማል፤ የተጣመመ ሐዲድ ደግሞ አይቃናም።

ዕቃ መግዛት ካለባችሁ መንገዱ ወደ ሶማሌ ተራ ነው። እዚያ ስትሄዱ የድሮውን ሞተር በእጃችሁ ያዙ። ላዩ ላይ ያለው ቁጥር ከምትገዙት ጋር ይመሳሰል። የኛ መኪኖች መሪያቸው ግራ ነው፤ መሪው ቀኝ ከሆነ መኪና የወጣ የሾፌር ወንበር ስዊቹ በሌላ በኩል ስለሆነ አይገጥምም። ገንዘብ ሳትከፍሉ በባትሪ አስሞክሩት፣ በሁለቱም አቅጣጫ። ሙሉ ወንበር ከሆነ ደግሞ ከተጋጨ መኪና የወጣ መሆኑን ጠይቁ። ጎኑ ላይ ያለው ኤርባግ ከፈነዳ ወይም የቀበቶው ማጥበቂያ ከተተኮሰ አትግዙት። ጥርሱ ብቻ ከተሰበረ ቶርኖ ቤት ወስደው በነሐስ የሚያሠሩም አሉ። እኔ ብዙም አልደግፈውም። የፋብሪካው ጥርስ ፕላስቲክ ከሆነ፣ ወንበሩ ሲነክስ እሱ ቀድሞ ይሰበርና ሞተሩን ያድናል። ነሐስ ከሆነ ግፊቱ ወደ ሞተሩ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ልፋት ለአንድ ወንበር ይበዛል የሚል ካለ፣ ጊዜውን ይመልከት። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በእጃችን ያሉት ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። አዲስ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ቢሆኑ አብዛኞቹ ወንበራቸውን የሚያንቀሳቅሱት በዚያው በ12 ቮልት ባትሪ ነው። እነሱን ግን የከፍተኛ ቮልት ሥልጠና የሌለው ሰው ባይነካቸው ይሻላል።

ወንበሩ ተሠርቶ ሲመለስ ከጋራዡ ሳትወጡ ፈትሹት። አራቱም ብሎኖች በመኪናው መመሪያ ልክ ይጥበቁ። ቁልፉን ስታዞሩ የኤርባግ መብራቱ በርቶ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይጥፋ። ወንበሩን በየአቅጣጫው እስከ ጫፍ ውሰዱት፤ ባትሪ ከተፈታ በኋላ አንዳንዶቹ ወሰናቸውን እንደገና የሚያውቁት በዚህ ነው። ሲሄድ ሽቦው ሥሩ ላይ እንዳይያዝ የሚያይ አንድ ሰው ጎንበስ ይበል። ከዚያ ቀበቶ አስራችሁ፣ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ፣ ጉልበታችሁ ትንሽ ታጠፍ ብሎ መቅረቱን አረጋግጡ።